ከመታጠቢያው ሥር ያለው ሹሩባ፦ የውሃ «ፍሌክሲብል» ለምን ይፈነዳል? እንዴትስ ይለወጣል?

በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት የሚሠራው ዕቃ የትኛው ነው ተብለን ብንጠየቅ፣ አብዛኞቻችን ማቀዝቀዣውን ወይም የግድግዳ ሰዓቱን እንጠቅስ ይሆናል። ማቀዝቀዣው ግን ያርፋል፤ የተፈለገው ቅዝቃዜ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ይጠፋል። ምንም ዕረፍት የሌለው፣ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየው፣ በዋጋውም ከቤቱ ዕቃዎች ካነሱት የሚመደብ ሌላ ዕቃ አለ። ይኸውም ከግድግዳው ከምትወጣው ትንሽ መዝጊያ ተነሥቶ ወደ እጅ መታጠቢያው ቧንቧ ወይም ወደ መጸዳጃው የውሃ ማጠራቀሚያ የሚሄደው፣ በብርማ ሽቦ የተጎነጎነው ቱቦ ነው። ቧንቧ ሠራተኞች በአጭሩ «ፍሌክሲብል» ይሉታል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ በዚሁ ስሙ እንጠራዋለን።

ፍሌክሲብል ይበልጥ የሚጨነቀው ቧንቧውን ስንከፍት ሳይሆን ስንዘጋ መሆኑን ብዙዎች ልብ አይሉትም። ቧንቧው ሲከፈት ውሃው ይሮጣል፤ ግፊቱም በመስመሩ ውስጥ በሰበቃ እየተበላ ይቀንሳል። ሲዘጋ ግን ውሃው ቆሞ ሙሉ ግፊቱን በቱቦው ግድግዳ ላይ ያሳርፋል። እኛ ተኝተን ሳለን፣ ትምህርት ቤት ወይም ሥራ ውለን ሳለን፣ ቱቦው ያንን ሁሉ ሰዓት ተወጥሮ ይጠብቃል።

አንድ ቀን መወጠሩን ያቆመ እንደሆነስ? ስሌቱን አብረን እንሥራ። ከተበጠሰ ፍሌክሲብል በደቂቃ 20 ሊትር ውሃ ይወጣል እንበል፤ የተጋነነ ግምት አይደለም። ይህ ማለት በየደቂቃው አንድ ትልቅ ጀሪካን ወለሉ ላይ ይደፋል ማለት ነው። ቤተሰቡ ጠዋት ወጥቶ ከ8 ሰዓት በኋላ ቢመለስ 480 ጀሪካን፣ ማለትም 9,600 ሊትር ፈስሶ ይጠብቀዋል። ወለሉ 40 ካሬ ሜትር የሆነ የኮንዶሚኒየም ቤት በሩና ግድግዳው ውሃ የማያሳልፍ ቢሆን ኖሮ፣ ውሃው 24 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረው ነበር። እርግጥ ነው በሩ ያሳልፋል፤ የወለሉ ስንጥቅም ያሳልፋል፤ ስለዚህ ጉዳቱ የሚደርሰው ከታች ባለው ጎረቤት ጣሪያ፣ ፍራሽና የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ነው። ውሃው የሚመጣው ከጣሪያ ላይ ማጠራቀሚያ ብቻ ቢሆን እንኳ ባለ 1,000 ሊትሩ ታንከር በ50 ደቂቃ ተሟጥጦ ያልቃል። ውሃ በፈረቃ በሚያገኝ ሰፈር ደግሞ ይህ የሳምንት ስንቅ ነው።

የሹሩባው ጂኦሜትሪ

ያገለገለ ፍሌክሲብል ያገኘ ተማሪ እንዳይጥለው እንመክራለን። በመጋዝ ቢቆርጠው ውስጡ ሦስት ነገሮች ያገኛል። መሐል ላይ ውሃው የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ አለ፤ ውስጣዊ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በተሻሉት ምርቶች የሚሠራው ሙቅ ውሃን ከሚችለው ኢፒዲኤም ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። በላዩ ላይ ከቀጫጭን ሽቦዎች የተጎነጎነ ሹሩባ ይኖራል። ጫፍና ጫፉ ላይ ደግሞ ጎማው የናስ አንገት ላይ ተጎናጽፎ፣ ከውጭ በብረት እጅጌ ተጨፍልቆ ተይዟል። ሙጫ የለም፤ ብየዳም የለም። ቱቦውን ከአንገቱ ጋር የሚያስተሳስረው የዚያ እጅጌ ጭምቀት ብቻ ነው።

ጎማው ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንደ ፊኛ ተነፍቶ በፈነዳ ነበር። ግፊቱ 5 ባር ሲሆን፣ በእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ቱቦውን ለሁለት ሊሰነጥቅ የሚታገለው ጉልበት 40 ኒውተን ነው፤ ይህም ከ4 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር ይቀራረባል። ጫፉን ከአንገቱ ሊነቅል የሚጎትተው ጉልበት ደግሞ 25 ኒውተን ገደማ ነው። ይህንን ሁሉ የሚሸከመው ሹሩባው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ውብ የጂኦሜትሪ ጉዳይ ይገጥመናል። ግፊት ባለበት ማናቸውም ሲሊንደር ግድግዳ ላይ፣ ዙሪያውን የሚለጥጠው ውጥረት በርዝመቱ ከሚለጥጠው በትክክል ሁለት እጥፍ ነው። ቋሊማ ሲጠበስ ምንጊዜም በርዝመቱ የሚሰነጠቀው፣ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ተበጥሶ ለሁለት የማይከፈለው ስለዚህ ነው። ሽቦ ደግሞ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም፤ የሚሸከመው በራሱ አቅጣጫ ብቻ ነው። እንግዲህ የሹሩባው ሽቦ ከቱቦው መስመር ጋር በምን ያህል ማዕዘን ቢጠመጠም ነው ሁለቱንም ውጥረቶች በትክክለኛ ድርሻቸው የሚሸከመው? መልሱ የታንጀንቱ ስኩዌር 2 የሆነው ማዕዘን፣ ማለትም 54.7 ዲግሪ ነው። ሽቦው ከዚህ ባነሰ ማዕዘን ተጠምጥሞ እንደሆነ ቱቦው ግፊት ሲያገኝ ይወፍራል፣ ያጥራልም፤ በሚበልጥ ማዕዘን ከሆነ ደግሞ ይረዝማል። በ54.7 ዲግሪ ግን ባለበት ይጸናል። ጆሴፍ ማኪበን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ባለሙያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንኑ «ጉድለት» ለበጎ ተጠቅሞበት፣ በአየር ግፊት የሚያጥር የሹሩባ ቱቦ በፖሊዮ ለተጎዳች ልጁ ሰው ሠራሽ ጡንቻ እንዲሆን አድርጓል። ርካሽ ፍሌክሲብል ገዝቶ ውሃ ሲለቀቅበት እንደ ትል ሲቆለመም ያየ ሰው ካለ፣ ያየው ያልተሳካ የማኪበን ጡንቻ ነው ማለት ይቻላል።

ግፊቱ ከየት ይመጣል?

ውሃ በከፍታ ልክ ይጫናል፤ እያንዳንዱ ሜትር 9.8 ኪሎ ፓስካል፣ በግርድፉ የባር አንድ አሥረኛ ያክላል። ከምድር ቤቱ ቧንቧ 15 ሜትር ከፍ ብሎ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ታንከር ለምድር ቤቱ ነዋሪ 1.5 ባር ሲያደርስ፣ ከታንከሩ 3 ሜትር ዝቅ ብሎ ለሚኖረው የላይኛው ፎቅ ነዋሪ የሚያደርሰው 0.3 ባር ብቻ ነው። የላይኛው ፎቅ ሰው የውሃው መቅጠን ያማርረዋል እንጂ ፍሌክሲብሉ ዕድሜ ያገኛል።

ከዋናው የከተማ መስመር በቀጥታ ለሚቀዳ ቤት ግን ነገሩ ይለያል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከሆነው የአቃቂ ሜዳ ተነሥታ ከ2,500 ሜትር በላይ እስከሚደርሱት የእንጦጦ ግርጌ ሰፈሮች የምትወጣ ተዳፋት ከተማ ናት። የ400 ሜትር የከፍታ ልዩነት ያለ ምንም ማቋረጫ በአንድ መስመር ቢያያዝ ታች ባለው ሰፈር 39 ባር ይሆናል፤ ይህን የሚችል የቤት ውስጥ ዕቃ የለም። እንዲህ ባለ ከተማ ውሃውን በየደረጃው ባሉ ማጠራቀሚያዎች ከፋፍሎ ማሠራጨት ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ከአንድ ማጠራቀሚያ ውሃ ከሚጋሩ ሁለት ቤቶች ቁልቁለቱ ላይ ያለው ሁልጊዜ የበለጠ ግፊት አለው።

ጊዜም የራሱ ድርሻ አለው። በመስመር ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት ከፍሰቱ ፍጥነት ስኩዌር ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ፍሰቱ በግማሽ ሲቀንስ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ ሲተኛ ፍሰቱ ይሞታል፣ ብክነቱም ይጠፋል፣ ግፊቱም ወደ ከፍተኛው ልኩ ይወጣል። ፍሌክሲብል በውድቅት ሌሊት የሚፈነዳው ክፉ ዕድል ስላለን አይደለም፤ የሚበዛው ግፊት የሚመጣው ያኔ ስለሆነ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ ድንገተኛው ግፊት ነው። ኒኮላይ ዡኮቭስኪ የተባለው ሩሲያዊ የሳይንስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1897 እና በ1898 በሞስኮ ከተማ የውሃ መስመሮች ላይ ባካሄደው ምርምር፣ የሚሮጥ ውሃ በድንገት ሲቆም የሚፈጠረውን «የውሃ መዶሻ» በቀመር አስቀምጦልናል። የግፊቱ ጭማሪ የውሃው እፍግታ፣ ሞገዱ በመስመሩ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነትና የተቋረጠው የውሃ ፍጥነት ሲባዙ የሚገኘው ነው። በብረት ቧንቧ ውስጥ ሞገዱ በሰከንድ 1,200 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሮጥ ውሃ በቅጽበት ቢቆም ተጨማሪው ግፊት 1,200,000 ፓስካል፣ ማለትም 12 ባር ይሆናል። በፕላስቲክ መስመር ውስጥ ግድግዳው ለጠጥ ስለሚል የሞገዱ ፍጥነት የዚህን ግማሽ እንኳ አይደርስም፤ ምቱም በዚያው ልክ ይለዝባል።

«በቅጽበት» የምትለዋ ቃል ግን ልብ መባል አለባት። ሙሉው ምት የሚመጣው ሞገዱ ደርሶ ከመመለሱ በፊት መዝጊያው ተዘግቶ ካለቀ ነው። በ12 ሜትር የብረት መስመር ይህ 0.02 ሰከንድ ነው፤ የሰው እጅ ይህን ያህል አይፈጥንም። በኤሌክትሪክ የሚዘጋው የልብስ ማጠቢያ ማሽን መዝጊያ ግን ይቀርበዋል። በፈረቃ በሚመጣ ውሃ ደግሞ ሌላ መዶሻ አለ፤ ባዶ የነበረው መስመር ሲሞላ ውሃው አየሩን እየገፋ ይመጣል፣ አየሩ በጠባቡ ቀዳዳ በቀላሉ ይሾልካል፣ ከኋላው የሚከተለው ውሃ ግን እንደ አየር መሹለክ አይችልምና ከቀዳዳው ሲደርስ በድንገት ይገታል። ቧንቧው ሲያስነጥስና ሲያጓራ የምንሰማው ይህንን ነው። በገበያ የሚገኙ ደህና ፍሌክሲብሎች 10 ባር እንዲችሉ ተደርገው የሚሠሩ ናቸው፤ አዲስ ሳሉ አልፎ አልፎ የሚመጣን ምት ይችላሉ። ጥያቄው ካረጁ በኋላ ነው።

በረኪናው የተቀመጠበት ቦታ

ፍሌክሲብልን የሚገድለው ግፊት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በመጀመሪያው ሳምንት ወይ ይፈነዳ ወይ ለዘለዓለም ይኖር ነበር። ከዓመታት በኋላ የሚፈነዳው ኬሚስትሪ ስለሚያግዘው ነው። ለመሆኑ በቤትዎ በረኪናው የሚቀመጠው የት ነው? በብዙ ቤት መልሱ «ከመታጠቢያው ሥር» የሚል ነው፤ ይኸውም ከፍሌክሲብሉ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ።

የማይዝግ ብረት የሚባለው በእርግጥ የማይዝግ አይደለም። ለሹሩባ የሚውለው የተለመደው ዓይነት 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ በብረቱ ገጽ ላይ ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል፤ ብረቱን የሚጠብቀው ይህ ነው። ሽፋኑ ቢጫር እንኳ ኦክሲጅን እስካለ ድረስ ራሱን ይጠግናል። የዚህ ሽፋን ጠላት ክሎራይድ ነው። ክሎራይድ ሽፋኑን በጥቃቅን ነጥቦች ይበሳል፤ በቀዳዳዋ ውስጥ ያለው ጠብታ አሲድነቱ እየጨመረ፣ ተጨማሪ ክሎራይድ እየሳበ ይሄዳል፤ ኦክሲጅን ስለማይደርሳትም ጥገናው ይቆማል። ሽቦ በሽቦ ላይ የሚሻገርበት የሹሩባ መጋጠሚያ ለዚህ ዓይነቱ መበላት የተመቸ ጎሬ ነው። የሽቦው ውፍረት ከፀጉር ብዙም የማይርቅ፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ በወፍራም ብረት ላይ ጠባሳ ሆና የምትቀረው ጉድጓድ እዚህ ላይ ሽቦውን ሙሉ በሙሉ እንደምትበጥስ እንረዳለን።

የመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም ብዙም አይርቅም። በረኪና ግን 5 በመቶ ገደማ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት አለው፤ ይህም በሊትር 50,000 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ክዳኑ በደንብ ካልተዘጋ ጠርሙስ የሚወጣው ትነት በተዘጋው ቁም ሣጥን ውስጥ ይታመቃል፣ በቀዝቃዛው ሹሩባ ላይ ከሚያርፈው ጤዛ ጋር ይዋሐዳል፣ ጤዛው ሲደርቅ ክሎራይዱ ይቀራል፣ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ወለል ሲታጠብ የሚረጨውም እንዲሁ።

ውጥረትና ክሎራይድ ሲገናኙ ምን እንደሚያደርሱ ዓለም በመራራ መንገድ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1985 በስዊዘርላንድ ኡስተር ከተማ የአንድ የቤት ውስጥ መዋኛ ከባድ የኮንክሪት ጣሪያ ተደርምሶ 12 ሰዎች ሞተዋል። ጣሪያውን አንጠልጥለው የያዙት ዘንጎች ከዚሁ ከተለመደው የማይዝግ ብረት የተሠሩ ነበሩ። ከመዋኛው ውሃ በሚነሣው ክሎሪናማ አየር ውስጥ ለዓመታት ተወጥረው ቆይተው፣ ከውጭ ብዙ ሳይታወቅባቸው ውስጥ ውስጡን ተሰነጣጥቀዋል። ከመታጠቢያው ሥር ያለው ሹሩባ የሰው ሕይወት አያጠፋ ይሆናል፤ የሚበጠስበት ሂደት ግን ያው ነው።

ናሱም ከጥቃት ነፃ አይደለም። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። በአንዳንድ ውሃ ዚንኩ ቀስ በቀስ እየሟሟ ወጥቶ ቀይ፣ ስፖንጅ መሰል መዳብ ብቻ ይቀራል፤ ቅርጹ እንዳለ ነው፣ ጥንካሬው ግን የለም። ከዚህም ሌላ ናስ ተወጥሮ ሳለ አሞኒያ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር የናስ ቀለሆቹ በዝናሙ ወራት በየመጋዘኑ እየተሰነጠቁ ቢቸገርም ምክንያቱን አላወቀም ነበር። ተመራማሪዎች ጉዳዩን ከአሞኒያ ጋር አያይዘው ያብራሩት እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፤ ቀለሆቹ በፈረስ በረት አጠገብ ይከማቹ ነበር። ከመጠን በላይ የጠበቀ የናስ ዳዶ በመጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ አሞኒያ ካለው የጽዳት ፈሳሽ አጠገብ ሲኖር ከእነዚያ ቀለሆች የተሻለ ዕድል የለውም።

ሲገዙ

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ያብረቀርቃል። የአሉሚኒየም ሹሩባ ከብረቱ ጋር በዓይን አይለይም፤ ዕድሜው ግን በጣም ያነሰ ነው። ማግኔት ይዞ የሚሄድ ብልህ ገዢ ይኖራል፤ ይሁንና ማግኔቱ አይረዳውም። አሉሚኒየም በማግኔት አይሳብም፣ ይህ የማይዝግ ብረት ዓይነትም በመደበኛ ሁኔታው አይሳብም፤ ወደ ቀጭን ሽቦ ሲጎተት ደግሞ የውስጥ አደረጃጀቱ በከፊል ስለሚለወጥ ጥቂት ሊሳብ ይችላል። የሚሻለው ክብደቱን በእጅ መመዘን ነው፤ የብረት እፍግታ በኩብ ሳንቲ ሜትር 7.9 ግራም ሲሆን የአሉሚኒየም 2.7 ብቻ ነው። ላቦራቶሪ ያለው ተማሪ ከአሮጌው ቱቦ ጥቂት ሽቦ ቆርጦ እፍግታውን ቢለካ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እርግጡን ያውቃል። ዳዶው ናስ መሆኑን፣ እጅጌው ላይ የግፊት ልኩና የአምራቹ ምልክት መታተሙን ማየትም ይገባል። ርዝመቱ ያለ መወጠር የሚደርስ፣ ያለ መታጠፍም የሚቀመጥ መሆን አለበት፤ አጥሮ የተወጠረ ቱቦ ከእጅጌው ይነቀላል፣ ረዝሞ የታጠፈ ደግሞ በመታጠፊያው ይሰነጠቃል።

አወላለቁና አገጣጠሙ

የመጀመሪያው ሥራ ውሃውን መዝጋት ነው፤ የሚሳሳቱትም ብዙዎች እዚህ ላይ ነው። ከግድግዳው የምትወጣዋ ትንሽ መዝጊያ ለዓመታት ሳትነካ ከቆየች ጨርሳ ላትዘጋ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ቆጣሪው ዘንድ ያለው መዘጋት አለበት። ጣሪያ ላይ ታንከር ባለበት ቤት ግን ቆጣሪውን መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ ውሃው ከላይ ይመጣልና የታንከሩም መውጫ ይዘጋ። የፈረቃ ቀን ስላልሆነ ውሃ የለም ብሎ መጀመርስ? ውሃው የሚመጣበትን ሰዓት የሚያውቀው ማን ነው! ደግሞም ባዶ መስመር ክፍት ከተተወ ወደ ውስጥ ይስባል። በመስመሩ ውስጥ ግፊቱ ከአየሩ በታች ሲወርድ፣ ባልዲ ውስጥ የተነከረ ቱቦ ቆሻሻ ውሃ ወደ መጠጥ መስመሩ ይመልሳል። (በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ በመሆኑ ውሃ በመሳብ ብቻ ከ7.8 ሜትር በላይ አይወጣም፤ በባሕር ጠለል ላይ 10.3 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ ግን ለባልዲው ከበቂ በላይ ነው።) የሙቅ ውሃው ቱቦ የሚለወጥ ከሆነ ቦይለሩ አስቀድሞ ከኤሌክትሪክ ይለያይና ይቀዝቅዝ። ከዚያ ቧንቧውን ከፍቶ የቀረውን ግፊት ማስተንፈስ፣ ከሥሩም ባልዲና ጨርቅ ማድረግ ነው።

ቀጥሎ ያለው ችግር የአቅጣጫ ነው። ከመታጠቢያው ሥር በጀርባው የተኛ ሰው ግራና ቀኙ ይምታታበታል፤ ላይኛው ጫፍ ወደ ላይ፣ ታችኛው ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ስለሚገባ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ የሚፈታ ይመስለዋል። ደንቡ ግን አንድ ነው፤ ራስዎን ቱቦው አድርገው ወደሚገባበት ቀዳዳ ሲመለከቱ፣ ሁለቱም ከሰዓት ቆጣሪ ዘንግ ተቃራኒ ሲዞሩ ይፈታሉ። ታችኛው ዳዶ ሲፈታ አንድ መፍቻ ዳዶውን ሲያዞር ሌላው የግድግዳውን መዝጊያ አጽንቶ መያዝ አለበት፤ አለዚያ ኃይሉ ግድግዳው ውስጥ ወዳለው መጋጠሚያ ይተላለፋል፤ የ10 ደቂቃው ሥራም ሴራሚክ ወደ ማፍረስ ያድጋል። ላይኛው ጫፍ 10 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ቀጭን ጥርስ ነው። ቀዝቃዛውና ሙቁ ጎን ለጎን እንዳይጋጩ የአንደኛው አንገት አጭር የሌላው ረጅም ይደረጋልና፣ ጥንድ ሆነው መገዛታቸውን ማረጋገጥ ይገባል።

ታችኛውን ጥርስ «ግማሽ ኢንች» እንለዋለን፤ በሚሊ ሜትር ብንለካው ግን 20.96 እናገኛለን፣ ግማሽ ኢንች ደግሞ 12.7 ብቻ ነው። ስሙ የቀረልን ከጥንቱ የብረት ቧንቧ ውስጣዊ ስፋት ነው። የጥርሱ ቅርጽ የ55 ዲግሪው ማዕዘን እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ያቀረበው ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርሶች አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ የእጅ ባለሙያዎች የማይስማሙበትን ነገር በግልጽ እንናገር፤ በፍሌክሲብል ዳዶ ጥርስ ላይ ቴፍሎን መጠምጠም ጥቅም የለውም። የዚህ ዳዶ ጥርስ ቀጥ ያለ እንጂ እየሾጠጠ የሚሄድ አይደለም፤ የሚይዘው ለመጎተት ነው፣ ውሃውን የሚያግደው ውስጡ ያለው ጠፍጣፋ ጎሚኒ ነው። ቴፍሎን ወይም ቃጫ የሚያስፈልገው እየሾጠጠ ለሚገባው የብረት ቧንቧ ጥርስ ነው። ሮይ ፕለንኬት እ.ኤ.አ. በ1938 በአጋጣሚ ያገኘው ይህ ንጥረ ነገር እጅግ ያዳልጣል፤ ሰበቃው ስለሚጠፋ ሠራተኛው ሳይታወቀው አብዝቶ ያጠብቃል።

ማጥበቅስ እስከ ምን ድረስ ነው? አንድ ሙሉ ዙር ዳዶውን 1.81 ሚሊ ሜትር ወደፊት ይወስደዋል፤ ሩብ ዙር 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ጎሚኒ ይህ የ18 በመቶ ጭምቀት ነው፤ ጎማ ደግሞ ለማሸግ ከዚህ ብዙም አይፈልግም። እንግዲህ በእጅ እስኪገታ አጥብቆ በመፍቻ ሩብ ዙር መጨመር ይበቃል። «ለጥንቃቄ» ተብሎ የሚጨመረውን እንመርምረው። 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 100 ኒውተን ያሳረፈ ሰው፣ ሰበቃ ባይኖር ጉልበቱን 866 ጊዜ ያባዛ ነበር። ዘጠኝ አሥረኛው በሰበቃ ቢጠፋ እንኳ በጎሚኒው ላይ የሚያርፈው 8,600 ኒውተን፣ ማለትም የዘጠኝ ኩንታል ጤፍ ክብደት ገደማ ነው። ጎሚኒው ተጨፍልቆ ይቆረጣል፣ ናሱም ተወጥሮ ያንን አሞኒያ ይጠብቃል። የመጸዳጃው ማጠራቀሚያ የፕላስቲክ ዳዶ ከሆነ መፍቻ ጨርሶ አያስፈልገውም። ላይኛው ቀጭን ጥርስም የጎማ ቀለበት ስላለው በእጅ ብቻ ይጠብቃል። ቱቦው አብሮ እንዳይጠማዘዝ በሌላው እጅ መያዝን አይዘንጉ፤ የተጠማዘዘ ሹሩባ 54.7 ዲግሪውን አጥቷል።

ጥርሱ እንዲዳልጥ ቫዝሊን ወይም የሞተር ዘይት የሚቀባ አለ። ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል የሚለውን የኬሚስትሪ ሕግ ያስታውሷል፤ ኢፒዲኤም ከነዳጅ ዘይት የሚገኙ ቅባቶችን እየጠጣ ያብጣል፣ ይልማል። ቅባት ካስፈለገ የሲሊኮን ይሁን።

የአገልግሎት ዘመንን በተመለከተ ብዙዎች ከ5 እስከ 10 ዓመት ይመክራሉ። የዝገት ነጠብጣብ ያለበት፣ አንድ እንኳ የተበጠሰ ሽቦ ጫፉ ወጥቶ ጣት የሚወጋ፣ ወይም ጎማው በሹሩባው መካከል እንደ እብጠት የሚታይ ቱቦ ግን ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ዛሬውኑ መለወጥ አለበት።

አዲሱ ከተገጠመ በኋላ መዝጊያው በዝግታ ይከፈት፤ አየሩ እስኪወጣ ቧንቧው ክፍት ይቆይ። ከዚያ ቧንቧው ተዘግቶ፣ መጋጠሚያዎቹ በደረቅ ጨርቅ ተጠርገው፣ ከሥራቸው የጋዜጣ ወረቀት ይነጠፍ። በዚያው ሰዓት ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ዳግመኛ መታየት ያለበት በማግስቱ ማለዳ፣ የሌሊቱ ግፊት ካለፈ በኋላ ነው።